ቀለሙ ላይ የቀረው መዳፍ

ፖሊስ ስለ ሬሳ ይጠራል፤ ስለ ሌባ ይጠራል፤ ስለ ጎረቤት ውሻ ጩኸትም ይጠራል። ስለ አንዲት መዳፍ የተጠራ ፖሊስ ግን ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ አልነበረም፤ ነበረ የሚል ካለ ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ያን ዕለት ጠዋት የደወለችው ሴት ግን ያለችው ይህንኑ ነው።

«አባቴን ከቀበርነው ሳምንት አልፎናል። እጁ ግን እዚህ አለ።»

«የት?»

«ስክሪኑ ላይ። ያበራል።»

ስልኩን ያነሳችው መርማሪ «ነቁጥ» ትባላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ገጹን ሲያነብ እሷ ነጥቧን ብቻ ስለምትለቅም ግን ባልደረቦቿ ይህን አወጡላት፤ በዚያው ቀረ። አጭር፣ ወፍራም፣ አንድ እግሯን ሳብ እያደረገች የምትራመድ ሴት ናት። ማጋነን አልወድም፤ ነገር ግን እሷ ፊት የዋሸ ሰው የልቡ ምት መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

ቤተ ሙከራው ከከተማው ጫፍ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ወዲያ ለብቻው የቆመ መስኮት አልባ ሕንፃ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያዋን እንኳ አላየም።

«ሊቁ ተመልሰዋል አሉ» አላት በሹክሹክታ። «እኔ የተቀጠርኩት ከሌባ ልጠብቅ ነው እንጂ ከሙት ልጠብቅ አይደለም። ዝውውር ጠይቄያለሁ።»

«ሙት ከሆኑ መቼም በሩን አያንኳኩብህም» አለችው ነቁጥና ገባች።

ውስጡ ጨለማ ነው። ተራ ጨለማ አይደለም፤ ዓመታት ተጠራቅሞ የረጋ፣ በቢላ የሚቆረጥ ጨለማ። ጥግ ላይ አንዲት ደብዛዛ ቀይ አምፖል ብቻ አለች። በአዳራሹ መሐል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተጋደመ የብረት ዋሻ አለ። ሠራተኞቹ «ዘንዶው» ይሉታል። ዘንዶው የሚተነፍሰው ዓይን ተከድኖ እስኪከፈት ብቻ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከድምፅ ብዙ እጥፍ የሚፈጥን አየር በሆዱ ያልፋል፣ ሃይድሮጅን ይነድበታል፣ የሚወጣውም ግለት ሲኦልን ያስቀናል። ከሆዱ ጎን አንድ ሰው እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት መዝጊያ አለ። ያችን ጠባብ ክፍል «ጓዳው» ይሏታል። ሊቁ፣ የቤቱ መሥራችና አለቃ፣ የሞተው እዚያ ውስጥ ነው፤ ግማሽ አካሉ ውስጥ፣ ግማሽ አካሉ ውጭ።

የደወለችው ልጁ ናት። የቤቱ ቀለም ሠሪም እሷ ናት። ነቁጥን እጇን ይዛ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል አስገባቻትና ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻት።

«እትዬ፣ እንዳትደነግጪ» አለችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማብሪያ ተጫነች።

በመስታወቱ ወዲያ፣ በጓዳው ውስጥ፣ ሰማያዊ መብራት በራ። ስክሪኑም በቀይ ጭጋግ ተሞላ። በጭጋጉ መሐል አንዲት መዳፍ ተዘርግታለች፤ ከዙሪያዋ ይልቅ ደምቃ፣ እንደ ፍም። አምስት ጣቶች። ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጠምማለች።

ነቁጥ ሬሳ አይታ ሳንድዊቿን የምትጨርስ ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን ክንዷ ላይ ያለው ጠጉር ሁሉ ቆመ።

«የሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«በትንሿ ጣቱ። ልጅ ሆኜ በር ዘግቼበት ነው የጠመመችው።» ልጅቷ መብራቱን ወዲያው አጠፋችው፤ ጣቷ ያለ ሐሳብ የሄደ ይመስል ነበር።

«ምነው አጠፋሽው?»

«እዚህ ቤት ሳትሠሪበት ማብራት ነውር ነው። መብራቱ ቀለሙን ይበላዋል።»

«ይበላዋል ማለት?»

«ጓዳው ውስጥ ያለው ዝርግ ብረት በእኔ ቀለም ተቀብቷል። ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት ቀይ ያበራል። ሲሞቅ ደግሞ ይደበዝዛል፤ በሞቀ መጠን ይደበዝዛል። እሳቱ ከማለፉ በፊት፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ አንድ ፎቶ እናነሳለን። ‹ቀዝቃዛው ፎቶ› እንለዋለን። እሳቱ ሲያልፍ ደግሞ እናነሳለን። ሁለቱን ስናነጻጽር የትኛው ቦታ ምን ያህል እንደጋለ፣ ምን ያህል ሙቀት ወደ ብረቱ ዘልቆ እንደገባ ይነግረናል። መብራቱ ብዙ ከቆየበት ግን ቀለሙ ይደክማል፤ ማብራቱን ይተዋል።»

«ቀዝቃዛው ፎቶ ከተበላሸ?»

«ሁሉ ነገር ይበላሻል። መነሻችን እሱ ነዋ። በዚህ ልኬት ሰው የሚጭን ሞተር ሊሠራ ነው፤ ግድግዳው የሚችለውን ሙቀት ካሳሳትን...» አልጨረሰችውም።

«ከአባትሽ ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ቀይዋ አምፖል እንባዋን ደም አስመሰለችው።

«ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ተጣልተናል። ‹ቁጥሮቹ ከሌላ ቦታ ልኬት ጋር አይገጥሙም፤ ሙቀቱ ከሚገባው በታች ነው፤ ቀለምሽ ይዋሻል› አለኝ። በሰው ፊት። እኔም አኩርፌ ወጣሁ። በማግስቱ የእረፍት ቀን ነበር፤ ብቻውን መጥቶ እዚህ ዋለ። በነጋታው ጠዋት ሞቶ ተገኘ።»

«ጓንት አድርጎ ነበር?»

«እንዴታ! አባዬ ያለ ጓንት ቀለም ከሚነካ እጁን ቢቆርጡት ይመርጣል። ስደርስ ጓንቱ እጁ ላይ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ይህ መዳፍ የሚያስፈራኝ።»

የሞቱን ምክንያት ሁሉም ያውቀዋል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት በጓዳው ያለውን የነዳጅ ትራፊ ለማስወጣት ናይትሮጅን ይለቁበታል። ናይትሮጅን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ እሱን ብቻ የተነፈሰ ሰው መታፈኑን እንኳ ሳያውቅ ይወድቃል። ያን ዕለት ጠዋት የናይትሮጅኑ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ተገኘ። የቫልቩ ኃላፊ ጋዝ ጠባቂው ነው፤ የሟች ሚስት ወንድም፣ የልጅቷ አጎት። በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ተብሎ ክስ ሊመሠረትበት አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቷል፤ ፊርማውም የነቁጥ ነው።

ቀጥሎ የገባችው ወደ ምክትል ኃላፊው ቢሮ ነው። ምክትሉ ዶክተር ነው፤ ሸሚዙ ከመንጻቱ የተነሳ ዓይን ያማል፤ ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ከተማሪነቱ ጀምሮ በሊቁ እጅ ያደገ፣ በቤታቸው የበላ የጠጣ ሰው ነው። «አነስተኛ ሙቀት የሚያስገባው ግድግዳ» እየተባለ በየጉባኤው የሚነገርለት ንድፍ የእሱ ነው።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። መቼም መንፈስ ለመያዝ ካቴና ይዘው እንዳልመጡ ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከከንፈሩ አላለፈም።

«ካቴናው ለእጅ ነው፤ እጅ ደግሞ አግኝተናል» አለች ነቁጥ። «ብረቱ ይታጠብ ብለው አዝዘው ነበር አሉ?»

«ለሠራተኛው ብዬ ነው። ሊቁ የሞቱበትን ቀለም እያዩ እንዴት ይሥሩ? ልጃቸው ናት እምቢ ያለችው። ‹አባቴ በእጁ የረጨው የመጨረሻ ቀለም ነው፣ አንዴ ልየው› ብላ አበራችው፤ ይኸው ቤቱን አሸበረችው።»

«በዕረፍቱ ቀን እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ንቅንቅ አላልኩም።»

«ሊቁ ምን ሊሠሩ የመጡ ይመስልዎታል?»

ምክትሉ አንዱን እርሳስ አንስቶ መልሶ አሰለፈው። «አርጅተው ነበር፣ እመቤት። ቁጥሮቹ አልገጥም ብለዋቸው፣ ከልጃቸው ተጣልተው፣ እንቅልፍ አጥተው... ብቻቸውን በጨለማ መጥተው፣ ጓንታቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ቀለሙን እንደ ዓይነ ስውር መዳበስ! ጤነኛ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ያ ምስኪን አማቻቸው ደግሞ ቫልቩን ረስቶታል። በማንም አይፈረድም።»

ነቁጥ ራሷን ነቀነቀች። «በማንም» አለችና ተነሣች።

ጋዝ ጠባቂውን ያገኘችው ከሕንፃው ጀርባ፣ ከሲሊንደሮቹ መሐል ነው። ትልቅ፣ ጎባጣ ሰው ነው፤ የተቀመጠባት በርጩማ ከሥሩ ጠፍታለች። የናይትሮጅኑን ቫልቭ በጨርቅ እየወለወለ ነበር። የጸዳ ነገር ሲጸዳ ማየት ያሳዝናል።

«ጋሼ፣ ከዕረፍቱ ቀን በፊት ዘግተውት ነበር?»

«ዘግቼዋለሁ ብዬ እምላለሁ። ክፍት ሆኖ ያገኘሁትም እኔው ነኝ። ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። ታዲያ ምን ልበል? እጄ ዘነጋ እንጂ።» ጨርቁን አጠፈ። «የእህቴ ባል ብቻ አልነበረም። ጓደኛዬ ነበር። ልጅቷ በኮሪደር ስንተላለፍ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እውነቷን ነው። እኔም ፊቴን መስታወት ላይ ማየት ትቻለሁ። ፈርሚና ይውሰዱኝ፣ እህቴ።»

«ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሲያገኟቸው ቀድመው ያዩት ምንድን ነው?»

ሰውየው ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ቦት ጫማው።

«ለማንም አልተናገርኩም። አታሳፍሪኝ።»

«አላሳፍርዎትም።»

«ጓንት አልነበረውም። መዳፉን እንዲሁ በባዶው ቀለሙ ላይ ዘርግቶ ነው ያገኘሁት። የእጅ ወዝ ቀለሙን ያበላሻል ብሎ ስንቱን ሠራተኛ ያባረረ ሰው! ሊመጡ ነው፣ ሊያዩት ነው፣ ሊያሙት ነው ብዬ... ጎትቼ አወጣሁትና ጓንቱን ከኪሱ አውጥቼ አጠለቅኩለት። ራቁቱን የሞተን ሰው በነጠላ እንደ መሸፈን ቁጠሪው። ከዚያ በኋላ ነው የጮህኩት።»

ነፋስ በሲሊንደሮቹ አፍ ላይ እያፏጨ አለፈ።

«ሰማያዊው መብራትስ?»

«ጠፍቶ ነበር። ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ በባትሪ ነው የገባሁት።»

«ጋሼ» አለች ነቁጥ፣ «ጨርቁን ያስቀምጡና ከእኔ ጋር ይምጡ።»

ከሰዓት በኋላ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷ ስክሪኑ ፊት፣ ምክትሉ እጆቹን አጣምሮ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጋዝ ጠባቂው ጥግ ላይ ተሸማቅቆ፤ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ፖሊስ፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ። (ትእዛዝ ስለሆነ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።) ዝምታው ቢመዘን ሦስት የጭነት መኪና አይችለውም።

«አብሪው» አለች ነቁጥ።

መዳፏ ከጭጋጉ ወጣች።

«እኔ መንፈስ አይቼ አላውቅም፤ እንዳያየኝም እጠነቀቃለሁ» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ከቀለሙ ልጀምር። ልጄ፣ መብራቱ ቀለሙን ይበላዋል አላልሽኝም? እስቲ እይው። ዙሪያው ደብዝዟል፤ ተበልቷል። እጁ ያረፈበት ብቻ አልተበላም፤ መዳፉ ጥላ ሆኖለታል። አባትሽ አልተመለሰም። ያ ቦታ ነው እንዳለ የቀረው።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀለም ሠሪ ሆና ይህ እንዴት እንዳልታያት ገባት፤ የአባት እጅ ሲታይ ዕውቀት ይጠፋል።

«ይህን ያህል እንዲበላ መብራቱ ምን ያህል መብራት አለበት?»

«ረጅም... በጣም ረጅም ሰዓት።»

«ጠርዙን እይው። የጣቶቹ ጫፍ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። በሕይወት ያለ ሰው ያን ያህል ሰዓት እጁን ሳያንቀሳቅስ ይቆያል?»

«አይቆይም። ጠርዙ ይደበዝዝ ነበር።»

«ስለዚህ መብራቱ ሲበራ የዋለው ሞተው ሳሉ ነው። ጋሼ ግን ጠዋት ሲገቡ ጨለማ ነበር። ማብሪያው ደግሞ ያለው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።» ነቁጥ ወደ እያንዳንዳቸው በተራ ተመለከተች። «ሊቁ ተነሥተው አጥፍተው ተመልሰው ካልሞቱ በስተቀር፣ ከሞታቸው በኋላ አንድ ሰው እዚህ ቆሟል። አይቷቸዋል። አልጮኸም። መብራቱን አጥፍቶ ሄዷል።»

«ሌባ ሊሆን ይችላል» አለ ምክትሉ።

«ሌባ ሬሳ ሲያይ ይሮጣል፤ መብራት አያጠፋም። ይህ የእናንተ እጅ ነው፤ የዚህ ቤት ሰው እጅ። ልጅቷ ጠዋት ሳታስበው አጠፋችው። ሰው መግደል ያስቻለው፣ ቀለም ማቃጠል ግን አላስቻለውም።»

ጋዝ ጠባቂው ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አሁን ባዶው እጅ» አለች ነቁጥ። «ስለ ጓንት ሰው ያባረሩ ሰውዬ ለምን አወለቁ? ልጄ፣ ከብረቱ ጀርባ ምን አለ?»

«ማሞቂያ አለ። አዲስ ቀለም ስሠራ ብረቱን በልክ እያሞቅን ድምቀቱን የምንፈትንበት ነው። ለሙከራ ቀን አይበራም። ማብሪያው...» ዓይኖቿ ቀስ ብለው ወደ ምክትሉ ዞሩ። «ማብሪያው ዶክተር ቢሮ ነው።»

«በጓንት የማይለይ ለብታ በባዶ እጅ ይለያል። የልጅ ትኩሳት በጓንት የሚለካ አባት አላየሁም። ሊቁ የመጡት ብረቱ ‹ቀዝቃዛው ፎቶ› ሲነሳ በእርግጥ ቀዝቃዛ ነው ወይ ብለው ነው። ሞቆ ከተነሳ መነሻው ፎቶ ከጅምሩ ደብዛዛ ይሆናል፤ እሳቱ ሲያልፍ ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግድግዳው የማይሞቅ ተአምር ይሆናል። ከምሳ በፊት የቆዩትን ፎቶዎች እንድታዪ ጠይቄሽ ነበር።»

«አየኋቸው» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «የዶክተር ንድፍ የተፈተነባቸው ቀዝቃዛ ፎቶዎች በሙሉ ደብዛዛ ናቸው። የሌሎቹ አንዱም አይደለም። ቀለሜ አልዋሸም። ሰው ሊሳፈርበት ነበር እኮ! ግድግዳው ይቀልጥ ነበር!»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ ምክትሉ። ግን የተጣመሩት እጆቹ ተፈትተው ነበር።

«ግምት ነው። እንግዲያው ግምት ያልሆነውን ልንገርዎት። ጋሼ፣ የእህትዎን ባል ሲያገኟቸው ጓንት ነበራቸው?»

ጋዝ ጠባቂው ልጅቷን አየ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ። «አልነበረውም። ከኪሱ አውጥቼ ያጠለቅኩለት እኔ ነኝ። ሰው ከመምጣቱ በፊት።»

«ሰው ሁሉ ያየው ጓንት ያደረገ ሬሳ ነው። ልጃቸው እንኳ። ባዶ እጅ መሆኑን ከስክሪኑ ገመትኩ ቢሉኝ እሺ፣ ላምንዎት እችላለሁ። ‹ጓንታቸውን ኪሳቸው ከትተው› ያሉኝን ግን ከየት አመጡት፣ ዶክተር? ኪስ ስክሪኑ ላይ አይታይም።»

ምክትሉ ቀና አለ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ፣ የጠመመችው ትንሽ ጣት ላይ፤ ከዚያም አልተነቀለም።

«እሳቸው ናቸው የጠሩኝ» አለ። «‹ና አንድ ነገር ላሳይህ› ብለው። ሰማያዊውን መብራት አብርተው ጠበቁኝ። ጓንታቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ገቡ። ‹ይኸው፣ ሞቃት ነው› አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ኖሮ... ነገ ለሁሉም እንደሚናገሩ ነገሩኝ፤ ጭንቅላታቸው ገና ውስጥ ነበር። ወደ ሕንፃው ጀርባ ወጣሁ። ቫልቩ በቀላሉ ነው የዞረው።»

«ከዚያስ?»

«ለማግስቱ ሙከራ ብዬ ቀድሜ ያበራሁትን ማሞቂያ አጥፍቼ ቤቴ ሄድኩ። ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። አመሻሹ ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ። በጆሮዬ ነው የምላችሁ። ተማሪ ሳለሁ እንደሚጮሁብኝ፣ ‹መብራቱን አጥፋ፣ አንተ!› አሉኝ። ተመልሼ መጣሁ። አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህም ዝም አላሉም።»

ፖሊሱ ጀርባውን ከስክሪኑ ሳያዞር በጎን በጎን ሄዶ እጁን ያዘው። ሲወጡ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ነቁጥ ጋዝ ጠባቂው ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ዘግተውት ነበር። እጅዎ አልዘነጋም።»

ትልቁ ሰውዬ ሁለቱን መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው፤ ሰው ተውሷቸው የመለሰለት ይመስል።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። የጓዳውን መዝጊያ ከፈተች፤ እስኪናፈስ ጠበቀች፤ ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። በዚያ ቤት ታሪክ፣ ከአባቷ በቀር፣ እንዲህ ያለ ነውር በፈቃዱ የሠራ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብላ መዳፏን በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረች። በስክሪኑ ላይ ትንሽ እጅ ትልቁን ሸፈነችው፤ ጠማማዋ ጣት ብቻ በጎን በኩል ደምቃ ቀረች።

«አጎቴ» ብላ ተጣራች ከውስጥ፣ «ና እስቲ ንካው። ቀዝቃዛ ነው።»

አጎቷ እግሩን እየጎተተ ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ጣቱን ዳር ላይ ብቻ አሳረፈ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ። ቆይቶ፣ እንደ ልማዱ፣ «መብራቱን ላጥፋው እንዴ፣ ልጄ?»

«ትንሽ ይቆይ።»

ቆየ። ሰማያዊው መብራት የቀረውን ቀለም ከዙሪያቸው ቀስ እያለ በላው። ከእጇ በታች ያለውን ግን አልነካውም።